የቮልሷ ሬዲዮና ሁለቱ የጠፉ ዳዶዎች

ጋሼ መኪናዋን ደጄ ላይ አቁመው ክላክስ አደረጉ። "ና እስቲ፣ ይቺን እያት!" ወጥቼ አየሁ። ሬዲዮው ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ግማሽ ድረስ ወጥቶ፣ በከመነዳሪ ቁራጭና በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ምላሷን ያወጣች ነው የምትመስለው።

መኪናዋ የ1963 ሞዴል ቮልስ ናት (በፈረንጅ ነው)። ጋሼ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው ልቀጥል። እኔ ደግሞ የድሮ ሬዲዮ እጠግናለሁ። ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፤ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ዕቃዬን በካርቶን ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ። ደንበኞቼ ግን አልጠፉም፣ በክላክስ ይጠሩኛል።

"ኤሌትሪሺያኑ ሞቷል አለኝ" አሉ ጋሼ። "አውጥቶ አየው፣ ሞቷል አለ፣ መለሰው። ሲመልሰው ግን አልገባ አለው። ዳዶዎቹም የት እንደገቡ እንጃ። አዲስ ብሉቱዝ ያለው ልግጠምልዎት ብሎኛል።"

በነገራችን ላይ ያ "አዲስ ልግጠምልዎት" የሚባለው ነገር ቀላል ነገር አይደለም። የዛሬዎቹ የመኪና ሬዲዮዎች 18 ሳንቲ በ5 ሳንቲ ግድም የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይፈልጋሉ። የድሮዎቹ ግን ለመሃሉ መስኮት አንድ ጠባብ ቀዳዳ፣ ለማዞሪያዎቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው ያላቸው። አዲሱን ለመግጠም ዳሽቦርዱን በግራይንደር መቁረጥ ግድ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳይነካ የቆየ የቮልስ ዳሽቦርድ መቁረጥ ጡር አለው። ለጋሼም ይህንኑ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም የመጡት እንዲህ እንድላቸው ነበር መሰለኝ።

እውነት ሞቷል?

ከመነዳሪውን ፈትቼ ሬዲዮውን አወጣሁትና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከብዷል። ሙሉ በሙሉ የብረት ሳጥን ነው።

ማንም የድሮ የመኪና ሬዲዮ ሲያጋጥመው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ነገር ማብራት አይደለም፣ ማንበብ ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው ወረቀት ብላውፑንክት ትላለች፣ ስሙም ፍራንክፈርት። ብላውፑንክት ማለት በጀርመንኛ ሰማያዊ ነጥብ ማለት ነው። ኩባንያው በፈረንጅ በ1924 በርሊን ውስጥ በሌላ ስም ሲጀምር፣ ተፈትሸው ያለፉ የጆሮ ማዳመጫዎች ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይለጥፍ ነበር፤ ገዢው ሁሉ "ሰማያዊ ነጥብ ያለውን ስጡኝ" ማለት ሲያበዛ በ1938 ስሙን ራሱ ቀየረው። የመኪና ሬዲዮዎቹን ደግሞ በከተማ ስም ይጠራ ነበር፤ ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ ብሬመን፣ ሃምቡርግ። ይህንን ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ተልጦ ፊቱ ላይ የጀርመን ከተማ ስም ብቻ ከቀረላችሁ የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ትገምታላችሁ። ሜክሲኮ ወይም ዩሮፓ የሚል ካገኛችሁ ግን ቤከር ነው፣ ሌላ የጀርመን ቤት። ዳዶውም ማዞሪያውም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ቮልቴጅ ነው። የ1963 ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው በ6 ቮልት ባትሪ ነው። የጋሼን ቮልስ ግን ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው ወደ 12 ቀይሯታል። የዚያ ዘመን አንዳንድ ሬዲዮዎች ከ6 ወደ 12 የሚቀየሩበት ተሰኪ አላቸው፤ ይህም አለው። ተሰኪው 6 ላይ ሆኖ 12 ብትሰጡት ደህና ሰንብት ነው። አየሁት፣ 12 ላይ ነው። እግዜር ይስጠው ያንን ሰውዬ።

ሦስተኛው፣ ስፒከር ሳይገጠም አይበራም። የድሮዎቹ የጀርመኒየም ትራንዚስተሮች ያለ ስፒከር ሲሠሩ ሊቃጠሉ ይችላሉ፣ ምትካቸውን መፈለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው።

ስፒከር አሰርኩ፣ አንቴና የሚሆን ሽቦ ሰካሁ፣ በፊውዝ በኩል 12 ቮልት ሰጠሁት። ሽሽሽ አለ። ድምፅ አለ፣ ጣቢያ የለም። ማዞሪያውን ከዳር ዳር አዞርኩት፣ ያው ሽሽሽ ነው።

እዚህ ላይ ነው ኤሌትሪሺያኑ "ሞቷል" ያለው። አልፈርድበትም፣ እኔም ለአምስት ደቂቃ ያህል እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ግን ቁልፎቹን አየሁ። አራት ናቸው፤ ዩ፣ ኬ፣ ኤም፣ ኤል የሚሉ የፈረንጅ ፊደሎች አሉባቸው። ዩ ማለት ኤፍኤም ነው። ኬ አጭር ሞገድ፣ ኤም መካከለኛ ሞገድ፣ ኤል ረጅም ሞገድ። ተጭኖ የቀረው ኤል ነው። ጭንቅላቱ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል። በረጅም ሞገድ ደግሞ በእኛ አገር የሚያሰራጭ ጣቢያ የለም! እንግዲህ ሰውየው ሬዲዮውን ከፍቶ ማንም የማይናገርበት ሞገድ ላይ ሲያዳምጥ ቆይቶ ነው የሞት የምስክር ወረቀት የጻፈለት።

ኤልን በቀጭን መርፌ አፍ ፒንሳ ጎትቼ ዩን ስጫን፣ 97.1 ላይ ዜና እየተነበበ ነበር።

ስለዚህ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው የተነቀለው፣ በተነቀለበት ቀን ነው ዳዶዎቹ የጠፉት፣ በተመለሰበት ቀን ደግሞ ቀጥሎ የምነግራችሁ ጉዳት የደረሰበት። ጉዳዩ ከአሁን በኋላ የኤሌክትሪክ መሆኑ ቀረ፣ የሁለት ብረት ቀለበት ጉዳይ ሆነ። እኔም በሞኝነቴ ቀላሉ ክፍል ቀረ ብዬ ለጋሼ "በሳምንት ይደርሳል" አልኳቸው። አምስት ሳምንት ነው የፈጀው።

ዳዶው ምንድን ነው?

እነዚህ ሬዲዮዎች የሚያዙት እንዲህ ነው። ከፊታቸው ግራና ቀኝ ሁለት የነሐስ አንገት ይወጣል። አንገቱ ከውጭ ጥርስ አለው፣ በውስጡ ማዞሪያው የሚሰካበት ዘንግ ያልፋል። አንገቶቹ ከዳሽቦርዱ ጀርባ በቀዳዳዎቹ ይወጡና ከፊት በኩል ጌጡ፣ ሮንዴላውና ዳዶው ይመጣባቸዋል። ከዚያ ማዞሪያው ሁሉንም ይሸፍናል። ዳዶው ስለማይታይ ማንም አያስታውሰውም። ሲጠፋ ግን ሬዲዮው የሚይዘው የለም።

ለዚህ ሬዲዮ የጎደሉት ሁለቱም ዳዶዎች፣ ሮንዴላዎቹ፣ ከግራው ማዞሪያ ሥር የሚገባው ቀለበት፣ እና ከኋላ ሬዲዮውን የሚደግፈው ላሜራ ናቸው።

መሳቢያዬ ውስጥ ከአሜሪካ ሬዲዮ የወጡ ዳዶዎች ነበሩኝ። አንዱን ሞከርኩ፣ አፉ ላይ እንኳ አልያዘም። በግራው አንገት ካሊፐር አስገባሁ፤ 9.9 ሚሊሜትር። የአሜሪካኖቹ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው፣ ማለትም 9.5። አይገናኙም።

ውፍረቱ ከታወቀ የሚቀረው ጥርሱ ነው። የጥርስ መለኪያ ከሌላችሁ አንድ ዘዴ አለ። ቀጭን ወረቀት በአንገቱ ላይ ጠምጥማችሁ በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ በእርሳስ ታሹታላችሁ። ጥርሱ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። አሥር ክፍተት ቆጥራችሁ በማስመሪያ ትለካላችሁ። እኔ ያገኘሁት 7 ከግማሽ ሚሊሜትር ነው። ይህም ማለት ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 0.75 ነው። የአሜሪካው በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ነው፣ አሥሩ ወደ 7.9 ይመጣል። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ ዓይን ላያየው ይችላል። ዳዶው ግን ያውቃል።

እንግዲህ የምንፈልገው 10 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 0.75 ጥርስ። ይህ የዚህ ሬዲዮ ልክ ነው። እናንተ ቤት ያለው ብላውፑንክት ሌላ ሊሆን ስለሚችል የእኔን ቁጥር ይዛችሁ ገበያ አትውጡ፣ የራሳችሁን ለኩ።

አሁን ወደ ቀኙ አንገት። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ጥርሶች ተፈጭተዋል። ነሐሱ ተልጦ ብን ብን ይላል። ምን እንዲህ አደረገው ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩና መልሱን ያገኘሁት ለሌላ ጉዳይ የመብራት ዕቃ ቤት ስገባ ነው። የጣሪያ መብራት ማንጠልጠያ ቱቦ ላይ የሚገባ ዳዶ አለ፣ ታውቁታላችሁ። በየመብራት ዕቃ ቤቱ የሞላ ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ነው! ጥርሱ ግን 1 ሚሊሜትር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዳዶ ነው ሰው የሚያሳስተው። ያልሆነ ዳዶ ጭራሽ እምቢ ቢል ደግ ነበር። ይኼኛው ግን አንድ ዙር ያህል ሸርተት ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይይዛል። "ገባ፣ ትንሽ ጠበቀ እንጂ" ብላችሁ ፒንሳ ካመጣችሁ ነሐሱን እየበላ ይቀጥላል። ኤሌትሪሺያኑ ያደረገው ይህን ነው። "አልገባ አለው" ማለት ይህ ነበር። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ነግረውኝ ነበር እኮ፣ አላዳመጥኩም።

ፍለጋው

መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ዕቃ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እግራችሁ የሚወስዳችሁ እዚያ ነው።

"የምን መኪና?"

"የቮልስ።"

"ምኗን?"

"የሬዲዮዋን ዳዶ።"

ልጁ ጓደኛውን ጠርቶ አሳቀው። "ወንድሜ፣ ይሄ የሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮ የሚሠሩትን ጠይቅ።" ሬዲዮ የሚሠሩትን ጠየቅኩ። "ይሄማ የመኪና ነው፣ ሶማሌ ተራ አታጣውም።" ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ለመኪና ሰው የሬዲዮ ነው፣ ለሬዲዮ ሰው የመኪና ነው። የማንም ያልሆነ ዕቃ ማንም አያስቀምጠውም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ስህተቱ አጠያየቄ ላይ ነው። "የመኪና ሬዲዮ ዳዶ" ስል ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ የታሸገ ኦሪጅናል ዕቃ ይታየዋል፣ "የለም" ይላል፣ እውነቱንም ነው። እኔ ግን የምፈልገው የሬዲዮ ዳዶ አይደለም። 10 በ0.75 የሆነ ማንኛውንም ዳዶ ነው። እና እንዲህ ያለ ዳዶ ሌላ የት ተሠርቶበታል ብዬ ሳስብ መልሱ የገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የድሮ የአውሮፓ የቤት ሬዲዮዎችና አምፕሊፋየሮች ውስጥ ያለው ወፍራሙ ቮልዩም፣ ድምፅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ዕቃ! ፊት ለፊት የሚይዘው ዳዶ ብዙ ጊዜ ይኸው ልክ ነው። የጃፓኖቹ ቀጭን ናቸው፣ 7 ሚሊሜትር ግድም፤ የአሜሪካኖቹን አይተናል። የጀርመንና የሆላንድ ሥራ ነው የሚፈለገው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ አንጋፋ የቴፕና የሬዲዮ ጠጋኝ አሉ። ሱቃቸው ውስጥ ለመቀመጥ አንድ ሰው መነሳት አለበት። "የድሮ ጀርመን አምፕሊፋየር ወፍራም ቮልዩም፣ የሱ ዳዶ" አልኳቸው። ስለ ቮልስ ትንፍሽ አላልኩም። ምንም ሳይሉ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የኒዶ ጣሳ አወጡ። አፉ ድረስ ዳዶ ነው፤ ከስንት ዓመት የተራገፈ። ጋዜጣ አንጥፈን ዘረገፍነው። ለናሙና እንዲሆነኝ አንድ አሮጌ የጀርመን ቮልዩም ይዤ ስለነበር (ሬዲዮውን ተሸክሞ መርካቶ ለመርካቶ መዞር ሞኝነት ነው) አንድ በአንድ ሞከርኩ። በጣት ብቻ፣ ያለ ፒንሳ። በጣት እስከ ታች ያልወረደ ዳዶ የእናንተ አይደለም።

ሁለት ወረዱ። ደስታዬን አልችል አልኩ። ቤት ሄጄ በግራው አንገት ላይ አስገባሁ፣ እንደ ቅቤ ወረደ። በቀኙ ሞከርኩ፣ አልያዘም። ለካስ ያ የተፈጨ ጥርስ እያለ ትክክለኛውም ዳዶ መግቢያ የለውም። ደግሞ የቮልዩም ዳዶ ስስ ነው፣ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ቮልዩም ለመያዝ የተሠራ እንጂ ይህን የብረት ሳጥን ተሸክሞ ኮብልስቶን ላይ ለመንገጫገጭ አይደለም።

ቶርኖ ቤት

ምናለሽ ተራ ሄጄ ከተጣሉ የውኃ ቧንቧዎች መሃል አንድ ድልብ የነሐስ ቁራጭ በኪሎ ገዛሁ። ከዚያ ወደ ቶርኖ ቤት። ቶርኒስቱ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፣ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ማሽን ላይ ነው ያደገው።

ስሱን ዳዶ ለናሙና ሰጠሁት። "ጥርሱ 0.75 ነው" አልኩት።

አገላብጦ አየው። "1 ላድርግልህ። ጠንካራ ነው፣ ይሄ ስስ ጥርስ ቶሎ ይበላል።"

በቅን ልቦና ነው። የሚሠራው ለትራክተርና ለወፍጮ ነው፣ እዚያ ወፍራም ጥርስ ይሻላል። ግን 1 ያደርገው ከነበረ በገንዘቤ ሁለተኛ የመብራት ዳዶ አሠርቼ እመለስ ነበር። በወረቀት ላይ ያወጣሁትን የእርሳስ መስመር አሳየሁት፣ አንገቱ ተሠርቶ ያለቀ መሆኑን፣ እኛ ነን ለሱ የምንገጥመው እንጂ እሱ ለእኛ አይገጥምም አልኩት። ማሽኑ ፊት ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አየ፣ 0.75 አለ። ሁለት እጀታ ቀይሮ ጀመረ።

አራት ዳዶ አሠራሁ። ሁለት ለጋሼ፣ ሁለት ለመጠባበቂያ። ክብ፣ አምስት ሚሊሜትር ወፍራም፣ ፊታቸው ላይ በካቻቢቴ የሚጠብቁበት ሁለት ጫፍ ስንጥቅ ያላቸው። ስድስት ጎን ማድረግ ይቻል ነበር፣ ግን ማዞሪያው ከላይ ሲሸፍናቸው ክቡ ነው የማይታየው።

የተፈጨው አንገት ግን አስቸገረ። እንደዚህ ያለ ጥርስ የሚጠገነው በፊሌራ፣ ጥርስ በሚያወጣው መሣሪያ ነው፤ 10 በ0.75 ፊሌራ ደግሞ ፈልጌ አጣሁ። አንገቱን ማሽን ላይ ማሰር አይቻልም፣ ከሬዲዮው ሰውነት ጋር አንድ ነው። ዘዴውን ያመጣው ቶርኒስቱ ነው። ከጠንካራ ብረት አምስተኛ ዳዶ ቆረጠ፣ ውስጡን በዚያው ጥርስ ከበላው በኋላ ሦስት ቦታ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ በመጋዝ ሰነጠቀው። ስንጥቆቹ ስለት ሆኑ። አየት አድርጎ "ይኸው ፊሌራህ" አለ። ዘይት ቀብቼ፣ ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ሩብ ዙር ወደፊት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሩብ ዙር ወደፊት ትንሽ ወደ ኋላ እያልኩ ወረድኩ። የተፈጨው ነሐስ እየተላጠ ወጣ፣ ከሥሩ ያለው ጤነኛ ጥርስ መሪውን ያዘው። በነሐሱ ላይ ያለው ኪሳራ አንድ ጥርስ ብቻ ሆነ። ለአራቱ ዳዶዎች ያስከፈለኝ ትንሽ ነው፣ ለአምስተኛው ግን አልማረኝም። ይገባዋል።

ጥርስ በጥርስ

ቀጥሎ የማዞሪያው ቀለበት። በግራው በኩል ሁለት ማዞሪያ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። የላይኛው ድምፅ ይጨምራል፣ ከሥሩ ያለው ቀለበት ድምፁን ያወፍራል ያቀጥናል። ቀለበቱ የለም። የቀኙ ግን አለ፣ ቅርጹም ያው ነው።

ከአሜሪካ ሬዲዮ ማዞሪያ ለመግጠም የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአውሮፓ ዘንግ 6 ሚሊሜትር ነው፣ የአሜሪካው ሩብ ኢንች ነው፣ 6.35። የአሜሪካ ማዞሪያ በጀርመን ዘንግ ላይ ይዋልላል። በወረቀት ጠቅልሎ የሚያስገባ አለ፤ አትስሙት።

እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው። የሚቀርበኝ አንድ የሰው ሰራሽ ጥርስ ቴክኒሺያን አለ። ሥራው የሰው መንጋጋ ቅርጽ ወስዶ ያንኑ መልሶ መሥራት ነው። ቀለበት ከመንጋጋ ይቀላል። የቀኙን ቀለበት በሲሊኮን ቅርጹን ወሰደለት፣ ሳይሞቅ በሚደርቀው አክሪሊክ ሞላው። ቀለሙ ላይ ነው ያሳቀን። የጋሼ ማዞሪያ ወደ ዝሆን ጥርስ የሚያደላ፣ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ያለ ነጭ ነው። የጥርስ ባለሙያዎች ደግሞ የጥርስ ቀለም የሚያስተያዩበት ናሙና አላቸው፣ በፊደልና በቁጥር የሚጠራ። ቀለበቱን ከናሙናዎቹ ጋር እያስጠጋ አየና "ኤ3 ነው" አለ። "ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጥርስ።" በኤ3 ሠራው። ዛሬ የትኛው ኦሪጅናል እንደሆነ ጋሼ ራሳቸው አያውቁም።

መግጠሙ

ይህንን ቶሎ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ፦ የኋላውን ድጋፍ አትርሱ። ሁለቱ ዳዶዎች ሬዲዮውን ፊት ለፊት ያስጠጉታል እንጂ ክብደቱን ብቻቸውን ሊሸከሙ አልተሠሩም። ከኋላ ካልተደገፈ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ክብደቱ ሁሉ ነሐሱ አንገት ላይ ያርፋል፣ አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ከሬዲዮው ጀርባ፣ ሌላውን ከመኪናዋ አካል ጋር በቡሎን አሰርኩ። ያው ላሜራ ለኔጋቲቭም ጥሩ መሬት ሆነ፣ በፊት ሞተሩ ሲነሳ የነበረው ጩኸት ቀነሰ። አንቴናው ሲሰካም መካከለኛ ሞገድ ላይ ደከም ያለ ጣቢያ ይዤ አንቴናው መግቢያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቪቴ ድምፁ እስኪጎላ አዞርኳት። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። አንቴና በተቀየረ ቁጥር እንደገና መስተካከል አለባት።

ጋሼ መጡ። ቁልፍ አዞሩ፣ ዩን ተጫኑ፣ 97.1 መጣ። 98.1 መጣ። ፊታቸው በራ። ማዞሪያውን ወደ ቀኝ ቀጠሉ፣ ቀጠሉ፣ መርፌዋ ጥግ ደርሳ ቆመች።

"ሸገር የታል?"

አየሁ። የጣቢያዎቹ ቁጥር የተጻፈበት ሚዛን የሚያበቃው 100 ላይ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ኤፍኤም የሚያበቃው እዚያ ነበር፣ እስከ 108 የተዘረጋው ኋላ ነው። ሸገር ያለው 102.1 ላይ ነው። ፍራንክፈርት ሲሠራ እዚያ ላይ ማንም አልነበረም።

"እንግዲህ አምስት ሳምንት የጠበቅኩት ለሸገር ነው" አሉ። የምራቸውን ይሁን የቀልድ አልለየሁትም።

ሬዲዮውን ከፍቶ ውስጡን ወደ ላይ መጎተት ይቻላል፤ ግን የታችኛው ጣቢያ ይጠፋል፣ ሚዛኑም ይዋሻል። ኦሪጅናል ሬዲዮ ደግሞ ለዚህ ብዬ አልነካም። መልሱ የመጣው ከቪትዝ ነው። ከጃፓን የሚመጡ መኪኖች ሬዲዮ ብዙዎቹ ከ76 እስከ 90 ብቻ እንደሚይዙ ባለመኪና ሁሉ ያውቃል። ለነሱ አንቴናው መሃል ላይ የምትሰካ የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ አለች፣ ጣቢያዎቹን ሁሉ ወደ ታች የምታወርድ። ባንድ ኤክስፓንደር ትባላለች። አንዷ 12 ሜጋኸርትዝ ታወርዳለች። 102.1 ሲቀነስ 12፣ 90.1። ፍራንክፈርት 90ን አሳምሮ ያውቃታል።

ከዳሽቦርዱ ሥር ደበቅኳት፣ ከአጠገቧ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ። ስትጠፋ 97.1 በቦታው ነው፣ ስትበራ ሸገር 90 ላይ ይመጣል። አልፎ አልፎ እዚያው 90 አካባቢ ያለው የራሱ ጣቢያ ከጎን ይጮህበታል። ጋሼ ይህንን ነግሬያቸው "ጎረቤት ነው፣ ይለመዳል" አሉ።

ዳሽቦርዱ አልተቆረጠም። የቀሩት ሁለት የነሐስ ዳዶዎች መሳቢያዬ ውስጥ በክር ታስረው፣ "10 በ0.75፣ የመብራት አይደለም" የሚል ወረቀት ተንጠልጥሎባቸው አሉ። የኤል ቁልፍ ግን እስካሁን ጭንቅላት የላትም። የጥርሱ ልጅ ልሥራላት ብሎኝ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። "ተዋት" አሉ፣ "ጭንቅላት ካላት ደግሞ አንዱ ይጫናታል።"